1888 ብላችሁ ስትፈልጉ

(በባሕር ዳር ለካህናት፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ የኔታዎች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ የዓድዋን ዘመን ሥዕልና ሰነድ ፍለጋ የአንድ የውጭ አገር ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ከፈተች። ዘመን በሚለው ሳጥን 1888 ብላ ጻፈች። የመጣላት ሁሉ ከጦርነቱ ስምንት ዓመት የቀደመ ነበር። "ስለ እኛ ምንም የላቸውም" ብላ ልትዘጋው ስትል ደረስኩ። 1896 በይ አልኳት። ጋዜጦቹ ያኔ ያተሙት ሥዕል፣ ካርታው ሁሉ ተዘረገፈላት። የዚያን ቀን ፊቷ አሁንም ይታየኛል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ለእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት እንጨምራለን። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ግን ይጠፋብናል።

የብራናው ነገር ከዚህም ይጠልቃል። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ቁጥር አይሰጠንም፤ በንጉሥ እገሌ መንግሥት፣ በዘመነ ሉቃስ ተጻፈ ብሎ ያልፋል። ካታሎግ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ደግሞ የፊደሉን አጣጣል አይቶ አንድ ክፍለ ዘመን ይገምታል። ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ የተማረ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ታላቁ ኢያሱ በፈረንጆቹ ከ1682 እስከ 1706፣ 24 ዓመት ነገሠ። ዓመታቱ የሚሰየሙባቸው አራቱ ወንጌላውያን በአራት ዓመት ስለሚዞሩ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዘመነ ሉቃስ ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ይገኛል። 5500፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን ዘመን፣ እና ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለአራት ማካፈል፣ ሦስት የሚተርፍባቸውን ዓመታት መያዝ ነው። መቶ ዓመት የነበረው ፍለጋ ስድስት ዓመት ላይ ወደቀ ማለት ነው! ክፍለ ዘመኑም ራሱ ያሳስታል፤ በ1694 ዓ.ም. የተጻፈ መጽሐፍ ለእኛ የ17ኛው፣ ለእነሱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ይህ ጉዳይ ለጣና ሰው ሩቅ አይደለም። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ኧርንስት ሐመርሽሚት የጣና ደሴቶቹን የክብራንን፣ የሬማንና የዳጋን ብራናዎች በማይክሮፊልም ያነሱት በእኛ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በእነሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በፈረንጆቹ 1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ቅጂም ሚኒሶታ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ተቀምጦ አሁን ብዙው በኢንተርኔት ይነበባል፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ከአገራችን የሰበሰባቸው ደግሞ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ይታያሉ።

በእኛ በ1860 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው ብዙ መቶ ብራናዎች ለንደን ናቸው፤ ከፊሎቹም ዲጂታል ተደርገዋል። ገጹን በስክሪን ማየት መጽሐፉን ማስመለስ አይደለም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ኮምፒውተር የሚችለው ልጅና ባሕረ ሐሳብ የሚችለው የኔታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ልጁ ብቻውን የሳጥኑን ቁጥር ይሞላል እንጂ "ዘመነ ሉቃስ" የሚለውን ወደ ዓመት አይመልሰውም፤ የኔታም ብቻቸውን ብራናው ያለበትን ድረ ገጽ አያገኙትም።

ግድግዳው ላይ የምታዩት የአንድ ብራና የመጨረሻ ቅጠል ነው፤ ቀኑ ያለው ታች፣ በቀይ ቀለም ነው። የኔታ፣ እባክዎ ወደፊት ይምጡና ያንብቡልን። ልጆች፣ እናንተ ደግሞ እስክሪብቶ አውጡ፤ ሒሳቡን አብረን እንሠራለን።