ማሸጊያውን አትጣሉ፦ ስለ ስጦታ ቸኮሌት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዘመን መለወጫ ሲቃረብ መሥሪያ ቤቶች ለደንበኞቻቸውና ለሠራተኞቻቸው ቸኮሌት መግዛት ይጀምራሉ። ከጅማና ከዙሪያዋ የደወሉ አድማጮቻችን ገበሬው ያልተበደለበት ቸኮሌት እንዴት እንደሚመረጥ፣ ተገዝቶም እንዴት እንደሚያዝ ጠይቀዋል። የሚመልሱት የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከቦሳ ኪቶ ነው። የግዥ ሠራተኛ ነኝ፤ ለ120 ደንበኞች ቸኮሌት ልገዛ ነው። አለቃዬ "ገበሬው ያልተበደለበት ይሁን" ብለውኛል። በምን ልለየው?

መልስ፦ አለቃህን ያኑርልህ። ሱቅ ስትገባ የሳጥኑን ፊት ተወውና ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። ዛሬ ይህንን ስደጋግመው ትሰማለህ፤ ቻለኝ።

መጀመሪያ ቸኮሌቱ የተሠራበት ኮኮዋ የበቀለበትን አገር ፈልግ። "የቤልጂየም ቸኮሌት" ሲባል ፋብሪካው ቤልጂየም ነው ማለት ነው እንጂ እዚያ ኮኮዋ አይበቅልም። ከዓለም ኮኮዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የኮትዲቯርና የጋና ነው። አምራቹ አገሩን፣ አልፎም የገበሬዎቹን ማኅበር ስም ከጻፈ፣ ለጠያቂ በሩን ከፍቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የኮኮዋውን አመራረትና አገዛዝ የሚከታተሉ ድርጅቶች የሚሰጡትን ምልክት እይ። ጥቁር መደብ ላይ በሰማያዊና በአረንጓዴ እጁን ያነሣ ሰው የሚመስለው የፌርትሬድ ነው፤ እንቁራሪቷ የሬይንፎረስት አሊያንስ ናት። ከፌርትሬድ ምልክት ጎን ትንሽ ቀስት ካለች "ጀርባውን አንብብ" ማለቷ ነው። ብዙውን ጊዜ እዚያ የምታገኘው "ማስ ባላንስ" የሚል ነገር ነው። ፋብሪካው ለምሳሌ 10 ቶን የፌርትሬድ ኮኮዋ ይገዛና ከሌላው ጋር አብሮ ይፈጨዋል፤ ምልክቱን የሚለጥፈው ግን በ10 ቶን ልክ በሚወጣው ምርት ላይ ብቻ ነው። ገንዘቡ ለገበሬው ደርሷል፤ አንተ የያዝከው ቸኮሌት ግን ከዚያው ገበሬ ማሳ ላይሆን ይችላል። ማጭበርበር አይደለም፤ ሆኖም ለአለቃህ ስትነግራቸው እንዲህ ብለህ ንገራቸው።

አስመጪው የምስክር ወረቀት ካሳየህ ሦስት ነገር አመሳክር፦ ወረቀቱ ላይ ያለው የድርጅት ስም ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ ወረቀቱ ስለ ኮኮዋ መሆኑን (የቡና ሰርተፍኬት ይዞ ቸኮሌት የሚሸጥ አለ)፣ ቀኑም አለማለፉን። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን በሰጠው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልገው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ከመንደራ ኮቺ። ፌርትሬድ ይሻላል ወይስ እንቁራሪቷ?

መልስ፦ ሥራቸው ይለያያል። ፌርትሬድ የዋጋ ወለል አለው፤ ከዚያ በታች አይገዛም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ለተራው ኮኮዋ ወለሉ በቶን 2,400 ዶላር፣ ለገበሬዎቹ ማኅበር የሚገባው ተጨማሪ ክፍያ ደግሞ 240 ዶላር ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። ገበያው ሲወድቅ ገበሬውን የሚይዘው ይህ ወለል ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 እንደሆነው ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ሲወጣ ግን ወለሉ ሥራ ይፈታል፤ የሚቀረው ተጨማሪው ክፍያ ነው። ሬይንፎረስት አሊያንስ የዋጋ ወለል የለውም፤ ገዢው ከገበያ ዋጋ በላይ የሚጨምረው ክፍያ አለ፣ ትኩረቱ ግን ይበልጥ በደኑና በአስተራረሱ ላይ ነው። በጅማ ዞን ያለው የበለጠ-ጌራ ደን ቡና አምራቾች እንቁራሪቷን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያውቋታልና ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለችም። ጉዳዬ የገበሬው ኪስ ነው ካላችሁ ፌርትሬድን አስቀድሙ። ምንም ምልክት ከሌለው ቸኮሌት ግን ሁለቱም ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ የሕፃናት ጉልበት መቶ በመቶ የሌለበት መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። "መቶ በመቶ" የሚላችሁን ሻጭ ጠርጥሩት።

የቸኮሌት ኩባንያዎች እጅግ የከፋውን የሕፃናት ጉልበት እናስቀራለን ብለው የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የጥናት ተቋም ኖርክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በኮትዲቯርና በጋና ኮኮዋ አብቃይ አካባቢዎች 1.56 ሚሊዮን ልጆች በኮኮዋ ሥራ ላይ ተገኝተዋል። ልጅ ቤተሰቡን ማገዙ ብቻውን አይደለም ችግሩ፤ በለቀማ ወቅት ከእናቱ ጋር ቡና ለቅሞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ እዚህም አለ። ችግሩ ገጀራው፣ ከአቅም በላይ የሆነው ሸክም፣ የመድኃኒት ርጭቱና ከትምህርት መቅረቱ ነው። ሥሩ ደግሞ ድህነት ነው፤ ገበሬው አዋቂ ሠራተኛ የሚቀጥርበት ገንዘብ የለውም።

ስለዚህ አምራቹን "የሕፃናት ጉልበት አለ ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁት፤ "የለም" ይላችኋል። "ባለፈው ዓመት ስንት አገኛችሁ? ለልጆቹስ ምን አደረጋችሁ?" በሉት። ምንም አላገኘሁም ከሚለው ይልቅ ይህን ያህል አግኝቼ ይህን አደረግሁ የሚለው ይታመናል።

ጥያቄ፦ ጅማ የቡና አገር ሆና ለምን የራሳችንን ኮኮዋ አንሰጥም?

መልስ፦ ኮኮዋ ከምድር ወገብ ብዙ ያልራቀ ሞቃትና እርጥብ ቆላ ይፈልጋል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ለቡና የተሰጠች ናት።

ጥያቄ፦ ከሄርማታ። ስጦታ አዘጋጅቼ ለድርጅቶች እሸጣለሁ። በኪሎ የሚሸጠውን ቸኮሌት ገዝቼ መጠቅለያውን አወልቅና የድርጅቱ አርማ ባለበት ሳጥን እደረድረዋለሁ። ደንበኞቼ ይወዱታል። ሳጥኑ ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጠየቅሽ መልካም ነው፤ መጻፍ የነበረበት ሁሉ ግን ያወለቅሽው መጠቅለያ ላይ ቀርቷል። በየበዓሉ የማየው ልማድ ነውና ሌሎቻችሁም ስሙ። ትንሽ ልቆጣ ነው።

አንድ ሰው ለኦቾሎኒ ወይም ሐዘልነት ለሚባለው የለውዝ ዓይነት አለርጂ ካለበት ጉሮሮው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያብጥ ይችላል። ቸኮሌቱ ለውዝ ባይገባበት እንኳ፣ ለውዝ በሚያልፍበት ማሽን ከተሠራ መጠቅለያው ይህንኑ ያስጠነቅቃል። አንቺ ያንን ጥለሽ በወርቃማ ወረቀት ተክተሽዋል። ሰውየው ሳጥኑን ከፍቶ ለልጁ ይሰጣል፤ ልጁን ማን ያስጠንቅቀው? እግረ መንገዴን ልናገር፦ ቸኮሌት በልቶ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ወተት አጠጡት፣ ጠብቁት አይባልም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ቀኑም አብሮ ጠፍቷል። ክሬም የተሞላው ቸኮሌት ከጠፍጣፋው በፊት ይበላሻል፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ስትቀላቅያቸው የትኛው መቼ እንደሚያልፍበት አንቺም አታውቂውም።

የባች ቁጥሩ፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተው ሁሉ የሚጋራው ቁጥር፣ ደግሞ ከሁሉ የተናቀው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የኪንደር ቸኮሌት አምራች ፌሬሮ ሳልሞኔላ በተባለው ባክቴሪያ ምክንያት ቤልጂየም አርሎን ያለውን ፋብሪካውን ዘግቶ ምርቱን ከብዙ አገሮች ሰብስቧል፤ ከታመሙት የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። ሳልሞኔላ ቸኮሌት ላይ ባይራባም ለወራት በሕይወት ይቆያል፣ ቅባቱም ይከልለዋል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ቸኮሌት ደግሞ ቀቅለን አንበላውም። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲወጣ ሰው የእኔ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የሚያውቀው ማሸጊያው ላይ ባለው ቁጥርና ቀን ነው። ያንቺ ሳጥን ላይ የለም።

ገበሬውም አብሮ ጠፋ። የፌርትሬድ ምልክት የነበረው መጠቅለያ ላይ ነው፤ አውልቀሽ በራስሽ ሳጥን ላይ ልታትሚው ብትፈልጊ ያለ ፈቃድ አይቻልም።

እንዲህ አድርጊ። ከ40 እስከ 100 ግራም የሆኑትን እንደታሸጉ ግዢ። አርማው የታተመበት የወረቀት ቀበቶ በላያቸው አዙሪ፤ ጀርባቸውን ግን አትሸፍኚ። ትንንሾቹን ከነመጠቅለያቸው ደርድሪና ከትልቁ ካርቶን ላይ የግብዓቱን ዝርዝር፣ የአለርጂውን ማስጠንቀቂያ፣ የማብቂያ ቀኑንና የባች ቁጥሩን ገልብጠሽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሳጥኑ ውስጥ አስገቢ። የካርቶኑን ጽሑፍ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ የትኛው ባች ለየትኛው ድርጅት እንደሄደም መዝግቢ። እርቃኑን አውጥቼ ነው የማሽገው ካልሽ ግን ያ ምግብ ማቀነባበር ነው። በስልክ የሚያልቅ አይደለም፤ የከተማውን የምግብ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ፈቃድ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ከጅሬን። ተቀባዮቻችን ሙስሊምም ኦርቶዶክስም ናቸው። ለሁሉም የሚሆን አለ?

መልስ፦ ጥቁር ቸኮሌት። ግን ጥቁር ሁሉ የጾም አይደለም፤ ጀርባውን አንብቡ። "ሚልክ ፋት"፣ "በተር ኦይል"፣ "ዌይ ፓውደር"፣ "ላክቶስ" የሚል ካለ ወተት አለበት። "ኮኮዋ በተር" ግን የከብት ቅቤ ሳይሆን የፍሬው ቅባት ነው፤ በእሱ የተነሣ ስንት ደህና ቸኮሌት ተመልሷል! ለሙስሊም ወገኖቻችን ሩም፣ ብራንዲና ሊከር የተሞላውን፣ እንዲሁም ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣው ጀላቲን ያለበትን ተዉ። የተሞላ ነገር ካልገዛችሁ ግማሹ ጣጣ ይቀራል። ዝርዝሩ ኮኮዋ ማስ፣ ስኳር፣ ኮኮዋ በተር፣ ሌሲቲንና ቫኒላ ብቻ ከሆነ ያማረ ነው። የሌሲቲኑ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ አኩሪ አተር ወይም ሱፍ ነው።

ቀኑንም አስቡ። ለእንቁጣጣሽ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ተፈትቷል፤ የሚቀሩት ረቡዕና ዓርብ ናቸው። የገና ስጦታ ግን በዋዜማው ሳምንት ከታደለ ጾም ውስጥ ነው። "ወተት ሊነካው ይችላል" የሚለውን ማስጠንቀቂያ በተመለከተ ሙያዬ አይደለም፤ የንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለስኳር ሕመምተኛ ደንበኛችን ስኳር አልባ ቸኮሌት ብንሰጥስ?

መልስ፦ ሐኪሙ ሳያውቅ አይሆንም፤ ለእሳቸው ሌላ ስጦታ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የምናስመጣው። አንዳንዱ ቅርጹ ተበላሽቶ፣ አንዳንዱ ነጭ አውጥቶ ይደርሳል። ሻግቶ ነው?

መልስ፦ ሻጋታ አይደለም። የኮኮዋ ቅባት በ34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም መለስለስ ይጀምራል። ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ ጊቤ በረሃ ሲደርስ ፀሐዩ የሚያደርገውን ያደርገዋል። ለስልሶ እንደገና ሲረጋ ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይነጣል። በጣት አሸት ሲያደርጉት የሚጠፋ ከሆነ ቅባት ነው፤ ሻካራ ሆኖ አልጠፋ ካለ እርጥበት ያወጣው ስኳር ነው። ሁለቱም አይጎዱም። ለደንበኛ ግን አይሰጡም፤ ቢሮ ውስጥ ብሉት።

ማለዳ በሚነሣው መኪና፣ ተሳፋሪው ካለበት ውስጥ፣ ከሞተሩና ከፀሐይ በኩል ካለው መስኮት አርቃችሁ አስጭኑ። በፎም ሣጥን ካሸጋችሁት የበረዶ ከረጢቱን በጋዜጣ ጠቅልሉት፤ ቸኮሌቱን አይንካ። ከበርበሬና ከሳሙና ጋር አይቀመጥ፤ ቸኮሌት ሽታ ይስባል፣ የበርበሬ ሽታ የያዘ ስጦታ ሰጥታችሁ እንዳታፍሩ። ጅማ ሲደርስ ቀዝቃዛውን ካርቶን ወዲያው አትክፈቱ፤ እንደታሸገ እስከ ማግስቱ ይደር። ከተከፈተ አየሩ ላይ ያለው እርጥበት ላቡን ያወጣበትና ስኳሩን ያሟሟዋል። ማቆያው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቆርቆሮው በላዩ የሚነድድበት ክፍል አይሆንም። በክረምት ደግሞ ከወለልና ከግድግዳ አርቁት። ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት።

ጥያቄ፦ ከስጦታው ጋር በሚሄደው ካርድ ላይ "ከሕፃናት ጉልበት ነፃ" ብለን ብንጽፍስ?

መልስ፦ አትጻፉ። ቅድም እንዳልኩት ይህን የሚያረጋግጥላችሁ የለም፤ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ አሳሳች የንግድ መግለጫ ያስጠይቃል። "ይህ ቸኮሌት የፌርትሬድ ምልክት አለው፤ ኮኮዋው ከጋና ነው" በሉና እዚያው ላይ አቁሙ። ከዚያ ያለፈ ለመጻፍ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በጀታችን ትንሽ ነው። ለ60 ሠራተኞች ነው።

መልስ፦ ትልቅ ሳጥን ርካሽ ነገር አትግዙ። ጀርባው ላይ "ቬጂታብል ፋት" ከኮኮዋው ቀድሞ ከተጻፈ የፓልም ቅባትና ስኳር ነው የገዛችሁት፤ ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። በዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃ ጥቁር ቸኮሌት ቢያንስ 35 በመቶ ኮኮዋ ሊኖረው ይገባል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ምልክት ያለው አንድ ባለ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌትና ሩብ ኪሎ የተቆላ የሊሙ ቡና ስጡ። ቡናውንም እንደ ቸኮሌቱ ጠይቁ፤ የትኛው የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዳመረተው፣ መቼ እንደተቆላ ከረጢቱ ላይ ይጻፍ። ለየብቻ ታሽገው ይሂዱ፤ ቡናው ክፍት ከሆነ ቸኮሌቱ ሽታውን ይወስዳል። የማብቂያ ቀኑንም ከመክፈላችሁ በፊት እዩት፤ በቅናሽ የሚሸጥ ቸኮሌት ብዙ ጊዜ ቀኑ የቀረበ ነው።