ከተመራጫችን ጋር ፊት ለፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላችንን አግኝተን ስለተነጋገርንበት ግማሽ ሰዓት ነው።

ጉዳዩ መንገድ ነው። ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈው የፌዴራል መንገድ ተቆፍሮ ቆሟል። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ዳር ላይ የፕሮጀክቱ ሰሌዳ አለ፤ ተቋራጩ፣ አማካሪው፣ የተጀመረበትና የሚያልቅበት ቀን ተጽፎበታል። የሚያልቅበት ቀን ካለፈ ቆይቷል። ሰሌዳው ራሱ ዝጓል።

ተመራጭ ሲመጣ እኛ የለመድነው የአዳራሽ ስብሰባ ነው። ማይኩ ይዞራል። አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዱ መብራት፣ አንዱ የልጆቹን ሥራ ማጣት። ሁሉም እውነት ነው፣ ሰው ሆዱ አሮ ነው የሚናገረው። ከዚያ ሰዓት ያልቅና «ጥያቄያችሁን ይዘን እንሄዳለን» ተብሎ ይበተናል። ያን ሁሉ ጥያቄ የተሸከመ ሰው ግን የትኛውን ያስቀድም?

ስለዚህ በዚህ ዙር ሌላ መንገድ ያዝን። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው የሚሠራው፤ መሃል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። አባላቱ ወደ መራጮቻቸው የሚወርዱት ያኔ ነው። በወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት በኩል ቀድመን ቀጠሮ አስያዝን። ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ጉዳይ፣ ሁለት ገጽ ወረቀት፣ የሰሌዳው ፎቶ። በቃ።

ከመግባታችን በፊት ደጋግመን የተነጋገርነው ምን እንደምንጠይቅ ነበር። «መንገዱን ሥሩልን» ብንል ዋጋ የለውም፤ የፓርላማ አባል አስፋልት አያነጥፍም፣ በጀትም በእጁ አይደለም። የሚችለው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ቋሚ ኮሚቴዎቹ ደግሞ የመስክ ምልከታ ይወጣሉ። እኛም እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠየቅን፦ መንገዱን የሚያሠራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሥራው ለምን እንደቆመ በጽሑፍ ይጠየቅልን፣ ኮሚቴውም መጥቶ ይይልን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወረቀታችን ጥሩ ነበር፤ ነገሩን የለወጠችው ግን አብራን የመጣች አንዲት እናት ናት። «ልጄ» አለቻቸው፣ «የልጄን ሚስት ምጥ ሲይዛት ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። ጎረምሶች ተሸክመው ነው ጤና ጣቢያ ያደረሷት።» እሳቸው እስክሪብቷቸውን አነሱና «መቼ ነበር እማማ?» አሉ። «በሐምሌ፣ ለገብርኤል ዋዜማ።» ማስታወሻቸው ላይ ሐምሌ 18 ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። ስንት ሜትር ነው የተቆፈረው? ማሽኖቹ አሁን የት ናቸው? የትምህርት ቤቱስ መግቢያ?

ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። የእኛን ጉድጓድ በዚህ ዝርዝር ነግሯቸው የሚያውቅ ሰው ነው ያልነበረው።

አያቶቻችን ደጅ ይጠኑ ነበር፤ የጃንሆይ መኪና ሲያልፍ አቤቱታቸውን ይዘው መንገድ ዳር የሚቆሙም ነበሩ። ያ ዘመን ትቶብን የሄደው ነገር አለ፤ ዛሬም ተመራጭ ፊት ስንቀርብ አንገታችንን እንደፋለን። ሰኔ 14 ቀን 2013 እኮ ተሰልፈን ድምፅ የሰጠነው እኛ ነን። አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበት አባል ከምክር ቤቱ እንደሚወገድ ይናገራል። ይህን ለማስፈራሪያ አላነሳሁትም፣ እዚያ ክፍል ውስጥም ማንም አላነሳውም። ግን በአክብሮት «የተከበሩ» እያልን ቀና ብለን መናገር መብታችን ነው። ይህ ነገር ከልቤ ያንገበግበኛል።

ከመነሳታችን በፊት «መልሱን መቼ እንጠብቅ?» አልን። ይህችን ጥያቄ እባካችሁ አትርሷት። ቀን ነገሩን፣ የሚደወልለትንም ሰው ከመካከላችን መረጥን።

መልሱ ከቀኑ ትንሽ ዘግይቶ መጣ፣ የደብዳቤው ግልባጭ ደረሰን። መንገዱ የቆመው በወሰን ማስከበር ችግር ነው ይላል፤ ካሳ ያልተከፈላቸው ቤቶችና ያልተነሱ የመብራት ምሰሶዎች አሉ። ስናነበው ተያየን። ለካ የነገሩ ግማሽ ያለው እዚሁ እኛው ከተማ ነው! ያለዚያ ደብዳቤ አዲስ አበባን ስናማርር እንኖር ነበር።

መንገዱ አልተሠራም፣ የኮሚቴው ጉብኝትም ገና ነው፤ እሱን በስልክ እየተከታተልን ነው። አሁን ደግሞ ለከንቲባው ቀጠሮ ጠይቀናል። ወረቀታችን በዚህ ዙር አንድ ገጽ ናት፤ የደብዳቤው ግልባጭ ተያይዟል፣ ጥያቄውም አንድ ነው፦ ምሰሶዎቹ የሚነሱት በየትኛው ቀን ነው?

መልሱን ስናገኝ እነግራችኋለሁ። በሉ ደህና ሁኑ።