የመጋቢት ሰው፦ በመረዳጃ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ይህን ጉባኤ ስከፍት ሁልጊዜ የማወራው ስለ መዋጮ፣ ስለ ውዝፍና ስለ ድንኳን ነው። ዛሬም አልቀረላችሁም፤ ጸሐፊያችን መዝገባቸውን አቅፈው ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ነገር ግን ኅዳር ላይ የቀበርናቸውን አባላችንን ሳላነሣ ወደ አጀንዳው ብገባ እናንተም አትሰሙኝም። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከመካከላችን አሉ። ስም እየጠራሁ እንባ እንዳልቀሰቅስ፣ ሰፈሩ እንደለመደው «ጋሼ» እያልሁ ልቀጥል።

ስለ ሟች ሲነገር ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ቸር ይሆናል። ጋሼ እንዲህ ያለውን ንግግር አይወዱም ነበርና ከእውነቱ ልጀምር፤ ግትር ነበሩ። ስብሰባው በጦፈበት ሰዓት ብድግ ብለው «ውኃዬ መጥቷል» ይሉና ይወጣሉ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሰበብ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ድምፅ ሊሰጥ ሲል መሆኑ ያናድደኝ ነበር።

ጋሼ ሰውን የሚመዝኑት በመጋቢት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር 200 ሚሊዮን ችግኝ እንትከል ተብሎ ሀገር ሲነሣ፣ እሳቸውም ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ጉድጓድ ሲቆፍሩ ዋሉ። ማታ ሁሉም ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲበተን «ሐምሌ ላይማ ሰማዩ ያጠጣል፤ መጋቢት ላይ ማን እንደሚመጣ እናያለን» አሉ። ማሾፋቸው አልነበረም። የባሕር ዳር ዝናብ ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ይሸኘናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ረጅም በጋ ለመሻገር ሥሩ ገና ያልጠለቀ ችግኝ ሰው ይፈልጋል። መጋቢት ሲደርስ በብስክሌታቸው ኋላ ጀሪካን አስረው የተከሉትን አንድ በአንድ የዞሩት እሳቸው ነበሩ። እኛማ ጥላ ሥር ነበርን።

ዘዴያቸውን ያላየ ካለ ልንገረው። ሰው ሃይላንድ የሚለውን ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ይሰበስቡና ክዳኑን በወፍራም መርፌ ይበሱታል፤ ታችኛውን ጫፍ ቆርጠው፣ አፉን ወደ መሬት ደፍተው ከግንዱ አጠገብ ይተክሉታል። ከላይ የተሞላው ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያርሰዋል። በባልዲ ቢደፋ ግማሹ በፀሐይ፣ ግማሹ በጎርፍ የሚያልቀው ውኃ በዚህ መንገድ ችግኙን ያቆየዋል። የሰፈራችን ሕፃናት ፕላስቲኩን ለጋሼ እየሰጡ በምትኩ የዘይቱን ፍሬ ይዘው ይመለሱ ነበር።

ልጆቻቸውንም ያሳደጉት እንዲሁ ነው። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ተነሥተው ወደ ቤት ሲገቡ፣ እንግዳው ገበታ ሳይቀርብ አንድ ችግኝ ይተከላል። ልጁ ጣሳ መሸከም ከቻለበት ቀን ጀምሮ ዛፉ የእሱ ኃላፊነት ነው። ለትልቁ ማንጎ፣ ለተከታዩ አቮካዶ፣ ለመጨረሻዋ ፓፓያ ደረሳት። ፓፓያው አብቦ አብቦ ፍሬ እምቢ ሲል ልጅቷ አለቀሰች። ጋሼ አበባውን ቀንጥሰው መዳፋቸው ላይ አደረጉና አሳዩዋት፦ በረጅም ዘንግ ተንጠልጥለው የሚወጡት ቀጫጭኖቹ የወንዴ ናቸው፤ ወፈር ብሎ ግንዱን ተጠግቶ የሚወጣው የሴቴ ነው። ብዙ ሰው ወንዴውን «መካን» ብሎ ይቆርጠዋል። ጋሼ አልቆረጡትም፤ በአጠገቡ ሴቴዎቹን አበጁለት፤ የሰፈሩም ፓፓያ ከዚያ ወዲህ አልነጠፈም። ያቺ ልጅ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት፤ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና «ተወኝ» እያለች በእጇ ምልክት እየሰጠችኝ ነው።

በሥራ ዘመናቸው ምሳ ውጭ በልተው አያውቁም። ከብስክሌቱ ሲወርዱ መጀመሪያ ባለቤታቸውን እትዬን፣ ቀጥሎ ቡናውን ያያሉ ይባላል፤ ቅደም ተከተሉን እትዬ ይከራከሩበታል። በጓሮው ጥግ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ጎን ለጎን የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በጣና ዳር ባለችው በዘጌ እነዚህ ሦስቱ ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር በቀሉ የሚለውን ትውፊት ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያወሩ ነበር። በዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ደኑም ለቡናው ጥላ ሆኖ የኖረው በዚህ ነው ይሉ ነበር። ይህንኑ ይዘው ከዋንዛው ሥር የረገፈውን ቅጠል አላስጠርግም አሉ። እትዬ ደግሞ ግቢ ሳይጠረግ ቡና አላፈላም አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። በመጨረሻ ከደጃፉ እስከ ዋንዛው ይጠረግ፣ ከዋንዛው ወዲያ ግን መጥረጊያ አይድረስ ተብሎ ታረቁ።

ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ከሐይቁ የሚወጣውን እምቦጭ ለብስባሽ እንጠቀምበት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ምን ያህል እጅና ጉልበት እንደበላ ስለምናውቅ ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ጋሼ ግን ያን ቀን አልወጡም። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊነሣ እንደሚችል አስረዱን፤ ያበበውን ወደ ጓሯችን ብናስገባ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ መልሶ ለሐይቁ ያስረክበዋል አሉ። ሳያብብ የተነቀለ፣ ከውኃው ርቆ በደንብ የደረቀ ብቻ እንዲገባ የወሰንነው በእሳቸው ክርክር ነው። ውሳኔው ዘንድሮም የጸና ነው።

ከቀብሩ በኋላ መጋቢት መጣ። ማን ይወጣል ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ የልጅ ልጃቸውን አገኘሁት፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስ ያንን ብስክሌት ጀሪካን አስሮበት ይገፋል። እናቱ ከኋላ፣ እትዬ ከእናቱ ኋላ፣ እያንዳንዳቸው ጣሳ ይዘዋል።

ለመታሰቢያ የጋሼ ፎቶግራፍ ያለበት ካናቴራ እናሠራ ያላችሁ ነበራችሁ። ሥራ አስፈጻሚው ሐሳቡን አክብሮ አልተቀበለውም። በዚያ ገንዘብ አንድ ሮቶ ተገዝቶ ከዛፎቹ አጠገብ ይቆማል፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት የማጠጣት ተራም በየቤቱ ይደለደላል። ዝርዝሩ በር ላይ ተለጥፏል፤ የእኔ ስም መጀመሪያ ላይ ስላለ ማንም አያጉረምርም።

በር ላይ የተደረደሩት የቡና ችግኞች ጋሼ ራሳቸው ጥቅምት ላይ መደብ አውጥተው የዘሯቸው ናቸው። የሚወስድ ሰው ስሙን ያስመዘግባል፤ መጋቢት ላይ ኮሚቴው ዞሮ ያያል። የማጠጣት ጊዜ የሌለው አይውሰድ፤ አንቀየመውም።

እትዬ፣ እርስዎንና ቤተሰቡን እግዚአብሔር ያጽናልን። የጋሼን ነፍስ ይማር። አሁን ጸሐፊያችን ሪፖርቱን ያቅርቡ፤ ውዝፍ ያለባችሁ ስማችሁ ይነበባልና ከአዳራሹ እንዳትወጡ።