የእርሾ ነገር፦ በአሜሪካ የጥቁርና የነጭ ቤተሰብ ሀብት ለምን ተራራቀ?

ሰላም፣ ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ገንዘብ ነው። ግን መጀመሪያ ስለ እንጀራ። አትሳቁ! እንጀራው ካልገባን ገንዘቡ አይገባንም።

እንጀራ ለመጋገር ምን ያስፈልጋል? ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ። ዱቄቱን ሱቅ ሄዳችሁ ትገዛላችሁ። ውሃው ከቧንቧ ነው። እርሾዋስ? እርሾ ከበፊቱ ሊጥ የተረፈች ናት። ሊጡ ሲቦካ ከላይ የሚያቀር ቢጫ ውሃ አለ አይደል? እሷ ትቀዳና ለሚቀጥለው ቡሖ ትቀመጣለች። ከሚቀጥለው ደግሞ ለሌላው። እናቴ ጎጆ ስትወጣ እርሾዋን የወሰደችው ከእናቷ ቤት ነው። አያቴም ከእናቷ። ማን እንደጀመራት የሚያውቅ የለም።

እኔ አሜሪካ ስመጣ ጤፍ ይዤ መጣሁ። እርሾ ማን ያስባል? ደረስኩ፣ በጠበጥኩ፣ ጠበቅኩ። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት ቀን። በአምስተኛው ቀን ጋገርኩ። ዓይን የሚባል ነገር የለውም። ቂጣ ብዬ እንዳልጠራው ቂጣ ይቀየመኛል። በኋላ አንዲት የሀበሻ ጎረቤቴ፣ እግዜር ይስጣት፣ በጠርሙስ እርሾ ሰጠችኝ። ያው ዱቄት፣ ያው ምጣድ፣ ያው ሰነፍ ጋጋሪ። እንጀራው ግን ዓይን በዓይን ሆነ!

እንግዲህ ያዙልኝ። ደመወዝ ዱቄት ነው። ሀብት እርሾ ነው። ልድገመው? ደመወዝ ዱቄት፣ ሀብት እርሾ። ደመወዝ በየወሩ ይመጣል፣ በየወሩ ይበላል። ሀብት ግን ቤታችሁ፣ ቁጠባችሁ፣ አክስዮናችሁ፣ ከዚያ ላይ ዕዳችሁ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ለልጅ የሚተርፈው እሱ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ወንበር ላይ፣ እኩል ደመወዝ እየበሉ፣ አንዱ እርሾ ያለው ሌላው የሌለው ሊሆን ይችላል። ዱቄታቸውን ብቻ ያየ ሰው "እኩል ናቸው" ይላል።

ቁጥሩን ቶሎ ልበለው። (ስክሪን ላይ፦ 285,000 እና 44,900) የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በየ3 ዓመቱ የቤተሰቦችን ሀብት ያጠናል። በ2022ቱ ጥናት፣ ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ መሃል ላይ ያለው ነጭ ቤተሰብ 285,000 ዶላር ሀብት አለው። መሃል ላይ ያለው ጥቁር ቤተሰብ 44,900። ከስድስት እጥፍ በላይ። አማካይ አላልኩም፣ መሃል ነው ያልኩት፤ ሁሉም በሀብታቸው ቢሰለፉ ሰልፉ መሃል ላይ የሚቆመው። አማካይ ከሆነ ጥቂት ቢሊየነሮች ገብተው ቁጥሩን ያበላሹታል። ከ2019 እስከ 2022 የጥቁር ቤተሰብ ሀብት ወደ 60 በመቶ አደገ፣ የነጩ ወደ 30 በመቶ። ታዲያ ልዩነቱ ጠበበ? በዶላር ሲቆጠር ሰፋ! ከትንሽ ላይ 60 በመቶ ትንሽ ነው፣ ከትልቅ ላይ 30 በመቶ ትልቅ ነው። ፐርሰንት ያው ፐርሰንት ነው፣ ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፣ እንለፈው።

ታዲያ እርሾው የት ሄደ? ቡሃቃው ደጋግሞ ስለተደፋ ነው። ጥር 1865፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ የመንግሥት ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ሸርማን ከባርነት ለወጡ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር፣ ማለትም ወደ 16 ሄክታር መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ፕሬዚዳንት ሊንከን ተገደለ፣ ምክትሉ አንድሪው ጆንሰን ተተካ፣ ዓመቱ ሳያልቅ መሬቱ ለድሮዎቹ ባለቤቶች ይመለስ ተባለ። በዚያው 1865 ነፃ ለወጡት የቁጠባ ባንክ ተከፈተላቸው። ቆጠቡ። በ1874 ባንኩ ወደቀ፣ ከ60 ሺህ በላይ ቆጣቢ አለቀሰ። በ1921 ኦክላሆማ ውስጥ፣ ቱልሳ ከተማ ላይ ግሪንውድ የሚባለው የጥቁር ነጋዴዎች ሰፈር በእሳት ጋየ። በሁለት ቀን።

እኔ ግን ከሁሉም የሚገርመኝ የቤቱ ነገር ነው። እሳት ያስደነግጣል፣ ወረቀት አያስደነግጥም። ወረቀት ግን ብዙ ሰው ይጎዳል። በ1934 ኤፍኤችኤ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሥራው የቤት ብድርን መድን መግባት ነው። ሰውየው መክፈል ቢያቅተው ባንኩ አይከስርም። ስለዚህ ባንኮች በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ፣ በረጅም ጊዜ ማበደር ጀመሩ። ተራው ሠራተኛ የቤት ባለቤት ሆነ። ጥሩ ነው! ችግሩ፣ የጥቁሮች ሰፈር ለብድር አደገኛ ተብሎ ተፈረጀ። በዘመኑ በተሠሩ የመንግሥት ካርታዎች ላይ እነዚህ ሰፈሮች ቀይ ተቀብተዋል። ሬድላይኒንግ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው።

ኒውዮርክ አጠገብ ሌቪታውን የሚባል ከተማ አለ። ከ1947 ጀምሮ ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች ተሠሩ። ዋጋው በ1949 አካባቢ 7,990 ዶላር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይገባል። ነጭ ከሆነ። ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ጥቁሩም ከዚያው ጦርነት ነው የተመለሰው። ያ ቤት ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። የልጅ ልጆቹ በሱ ኮሌጅ ገቡ፣ በሱ ሱቅ ከፈቱ። አያችሁ እርሾዋን?

እዚህ ላይ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ቤተሰብ ነን ብላችሁ በነፃ እያያችሁ ነው። ክሬዲት ስኮር ላይ የሠራሁትም ቪዲዮ አለ፣ ከዚህ በኋላ እዩት።

አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ባነሳሁ ቁጥር ይቺ አትቀርም፦ "እኛ በሁለት ሻንጣ መጥተን፣ ፓርኪንግ ሠርተን፣ ታክሲ ነድተን ቤት ገዛን። እነሱ እዚሁ ተወልደው ምን ነካቸው?" ላይክ ደግሞ ይዘንባል! እውነቱን ልናገር፣ እኔም የመጣሁ ሰሞን እንዲሁ እል ነበር። ስለዚህ ሳትቆጡ ስሙኝ።

ልፋታችሁን ማንም አይክደውም። ሌሊት ስትነዱ ያደራችሁት እናንተ ናችሁ። ግን መቼ መጣን? ለአፍሪካ በሩን የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው ሲደበደቡና ሲታሰሩ በነበሩበት ሰሞን ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የከለከለው ሕግ የተፈረመው ሚያዝያ 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ። አብዛኞቻችን ከዚያ በኋላ ነው የመጣነው። በር ተሰብሮ ተከፍቶ ነው የገባነው፣ ሰባሪዎቹ ደግሞ እነሱ ናቸው።

ሌላም አለ። ዲቪ የደረሰው ሰው 12ኛ ክፍል የጨረሰ ወይም ሙያ ያለው መሆን አለበት። ቲኬት መግዛት አለበት። ከመላው ኢትዮጵያ በዕጣም በወረቀትም ተጣርተን ነው የመጣነው። ተጣርቶ የመጣን ሰው እዚሁ አሜሪካ ከተወለደ ሕዝብ ሁሉ ጋር ማወዳደር ሚዛን አይደለም። ደግሞ ያንን 3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቀውን ብድር ታውቁታላችሁ አይደል? ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ቤታችሁን የገዛችሁበትን? ኤፍኤችኤ ነው። ያው ኤፍኤችኤ! የዛሬ ጎረቤታችሁን አያት የከለከለው መሥሪያ ቤት ለእናንተ እርሾ አስበደረ።

"ግን እኛም እርሾ አልነበረንም" የሚል ይመጣል። ልክ ነው። ለዚህ ነው ምሳሌዬ እዚህ ጋ የሚያነክሰው። እርሾ በሳምንት ውስጥ ከባዶ ይጀመራል፣ ሀብት ግን ትውልድ ይፈጃል። ያውም ማንም ካልደፋባችሁ። በ2019ኙ ጥናት ከ10 ነጭ ቤተሰብ 3 ገደማው ውርስ አግኝቷል፣ ከ10 ጥቁር ቤተሰብ 1 ገደማ። ደግሞ አንድ ነገር እንዳንረሳ፣ 44,900 የሚለው ቁጥር ውስጥ እኛም አለንበት። ቆጣሪው የተወለድነው ሐረር ይሁን ኒውዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር፣ አይጠይቅም።

መቼም ሲልቨር ስፕሪንግን የማያውቅ ሀበሻ የለም። ሜሪላንድ፣ ከዲሲ ድንበር ላይ። ጥሩ ክትፎ አለ፣ ጥሩ ቡና አለ፣ ሰንበቴም ሠርግም አለ። በዚያ ከተማ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በተሸጡ ብዙ ቤቶች ሰነድ ላይ፣ ዲድ በምንለው፣ ጥቁር ሰው እንዳይገዛውም እንዳይኖርበትም የሚል አንቀጽ ይገባ ነበር። እንዲህ ባሉ ሰነዶች ላይ ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ካልሆነ በቀር የሚል ይታከልበታል። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም አይችሉም አለ። ጽሑፉ ግን ከብዙ መዝገብ ላይ ሳይፋቅ ቆየ።

የሜሪላንድ የመሬት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። እዚያ አሮጌ ቤት የገዛችሁ ካላችሁ፣ የቤታችሁን የመጀመሪያ ዲድ እስቲ ፈልጉት። ያገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ዓመቱን ብቻ፣ አድራሻ እንዳትጽፉ! በሚቀጥለው ቪዲዮ እናነበዋለን። እኔ ሊጤ እየገነፈለ ነው፣ ቻው!