ሦስቱን ዓመት አትዝለሏቸው

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። አካም ጅርቱ።

12ኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ሦስት ዓመት ከትምህርት ርቄ እዚሁ ጂማ ነበርኩ። አባቴን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። እኛን ያሳደገን ከማናና ከሰቃ ገበሬዎች ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ እየገዛ ነው። የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። ሚዛኑን ተረከብኩ።

ዛሬ የጠራችሁኝ ከዚያ በኋላ እንዴት አሜሪካ አመልክቼ ሙሉ ድጋፍ እንዳገኘሁ እንድነግራችሁ ነው። እነግራችኋለሁ። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደ እኔ ዓመት ያለፋችሁ ብዙ ናችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከቀረው አንዱ ሬሜዲያል ገባ። አንዷ በግል እንደገና ተፈተነች። ሌላው ባጃጅ እየነዳ ነው። «አሁንም አልገባሽም?» የሚለው ጥያቄ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። እኔ የጓደኞቼን እናቶች ላለማግኘት በአወቱ ወንዝ በኩል ዞሬ ነበር መርካቶ የምሄደው።

ያ እፍረት ማመልከቻዬ ውስጥም ገባ። መጀመሪያ ሳመለክት ሦስቱን ዓመት ዘለልኳቸው። ስለ ውጤቴና ስለ ደረጃዬ ብቻ ጻፍኩ። ሁሉም አልተቀበሉኝም። ምክንያታቸውን አልነገሩኝም። መልሼ ሳነበው ግን ጽሑፉ ውስጥ እኔ የለሁም።

ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ የሚባል ማመልከቻ አለ። ትምህርት አቋርጠሽ ነበር ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታም ይሰጣል። እነሱ እየጠየቁኝ እኔ እደብቅ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የአባቴን ሰማያዊ ደብተር አወጣሁ። ስም፣ ፈረሱላ፣ ቀብድ፣ የቀረ ሂሳብ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ጀንፈሉ በደንብ ካልደረቀ ግን ከ17ቱ ኪሎ ውስጥ የሚከፈለው ለውሃም ነው። አባቴ እፍኝ አንስቶ ጆሮው ሥር ይነቀንቀዋል። የደረቀው ይንኳኳል፤ የእርጥቡ ድምፅ ይታፈናል። እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንድ ጆንያ ለይቼ ግቢ ውስጥ አሰጣሁትና ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ እየመዘንኩ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ዋጋ ስናገር ደብተሩን ለገበሬው አሳየው ጀመር። አንድ ሽማግሌ ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ አዩና «እንዲህ ከሆነ ደግሞ አድርቄ አመጣዋለሁ» ብለው ጭነው ተመለሱ። በሳምንቱ አመጡት። ሲነቀነቅ ይንኳኳል።

ድርሰቴ ይኸው ነበር። የሚፈቀደው እስከ 650 ቃል ነው፤ ለአንድ ጆንያ ቡና በቂ ነው። በዚያ ዓመት ስምንት ቦታ አመለከትኩ። ሰባቱ አልተቀበሉኝም። አንዱ ተቀበለኝ።

አሁን ደግሞ እኔ የተቸገርኩበትን ልንገራችሁ። ወረቀታችሁን ዛሬውኑ ሰብስቡ። የእኔ ትራንስክሪፕት የተገኘው ሪከርድ ክፍል አራት ጊዜ ተመላልሼ ነው፤ ፋይሌ የሌላ ዓመት ክምር ውስጥ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ የሒሳብ መምህሬ ሌላ ከተማ ተዛውረው ነበር። ስልካቸውን ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። ትምህርት ቤት ስትለቁ የሁለት መምህራን ስልክ ያዙ። በየበዓሉም ደውሉላቸው።

ጊዜውንም አስቡ። የብዙዎቹ መደበኛ ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጆች ጥር መጀመሪያ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ማለት ነው። ልክ ቡና በሚሰበሰብበት! ስለዚህ ድርሰቱን በክረምት ጀምሩት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ዓመት ከጨረሳችሁ ብዙዎቹ እንደ አዲስ አመልካች አያዩዋችሁም፤ ተዛዋሪ ትባላላችሁ። ለተዛዋሪ ያላቸው ቦታ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ይህን የምለው እዚህ አትግቡ ለማለት አይደለም። ጂማ ዩኒቨርሲቲ በራችን ላይ መኖሩ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን አውቃችሁ ወስኑ።

ገንዘብ የለንም ብላችሁም አትቅሩ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ሲመርጡ የውጭ አገር ተማሪም ቢሆን መክፈል ይችላል ወይ ብለው አያዩም። ከተቀበሉ የጎደለውን ይሞላሉ። ማመልከቻው የሚከፈልበት ከሆነም ነጻ እንዲደረግላችሁ መጠየቅ ይቻላል። መግባቱ ግን ከባድ ነው፤ ሃርቫርድ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይቀበልም። እዚህ ያለውንም በር ክፍት አድርጋችሁ ሞክሩ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሱቅ የምትጠብቅላችሁ ልጅ ማታ አንድ ሰዓት ለማንበብ ስትለምናችሁ እባካችሁ ስጧት። አባቴ መናገር ሲያቅተው በግራ እጁ ወደ ጠረጴዛው ይጠቁመኝ ነበር። ሂጂ፣ ቁጭ ብለሽ ጻፊ ማለቱ ነው።

ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ገልጣችሁ እዩት። እስከ 12 ሰዓት እዚሁ ነኝ። የጀመራችሁት ረቂቅ ካለ አምጡና አብረን እናንብበው። አመሰግናለሁ።