የካናቢስ ዘይት፦ አንድ ማንኪያ ውስጥ ስንት አለ?

ሄለን፦ ዛሬ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ የካናቢስ (የጋንጃ) ዘይት ነው የምናወራው። ሕጉ በሚከለክልበት አገር ያላችሁ፣ ሥሩ እያልናችሁ አይደለም። ሰው የሚጎዳው የት ላይ እንደሆነ ግን መነገር አለበት።

ዳዊት፦ አዎ። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ዘይቱ ይሠራል አይሠራም ብሎ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ማንኪያ ውስጥ ስንት እንዳለ ሳያውቅ መብላቱ ነው።

ሄለን፦ መጀመሪያ ግን ለምን ዘይት? ለምንስ ይሞቃል?

ዳዊት፦ ጥሬው አበባ ውስጥ በብዛት ያለው ቲኤችሲኤ ነው፣ እሱ አያሰክርም። ሙቀት ሲነካው ነው ወደ ቲኤችሲ፣ ወደሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ የሚለወጠው። ቲኤችሲ ደግሞ በውሃ ሳይሆን በቅባት ነው የሚሟሟው። ሙቀቱ ከበዛ መልሶ ይበላሻል፤ ስለዚህ ያው ሰው በያው ድስት ሁለት ጊዜ ቢሠራ እንኳ ጥንካሬው አንድ ላይሆን ይችላል።

ሄለን፦ እስቲ በቁጥር አሳየን።

ዳዊት፦ እሺ፣ 5 ግራም አበባ እንበል፣ 20 በመቶው ቲኤችሲ የሆነ። 1,000 ሚሊግራም ማለት ነው። ሁሉም 250 ሚሊሊትር ዘይት ውስጥ ቢገባ በአንድ ሚሊሊትር 4 ሚሊግራም ይደርሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊሊትር ነው፣ ስለዚህ 20 ሚሊግራም! እ.ኤ.አ. በ2018 ካናቢስን ለአዋቂዎች የፈቀደችው ካናዳ፣ ለአንድ ሙሉ እሽግ የሚበላ ምርት የፈቀደችው 10 ሚሊግራም ብቻ ነው።

ሄለን፦ አንድ የሻይ ማንኪያ የእሽጉን እጥፍ!

ዳዊት፦ በደንብ ካልተማሰለ ደግሞ አንዱ ጫፍ ይከብዳል፣ ሌላው ይቀላል። ለጀማሪ 2.5 ሚሊግራም ነው የሚመከረው። በዚህ ዘይት ከግማሽ ሚሊሊትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ በማንኪያ የሚለካ አይደለም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ያስፈልጋል።

ሄለን፦ ብዙዎችን የሚያሳስተው መዘግየቱም ነው። ሲጨስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል፣ ሲበላ ግን ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሰውየው አንድ ሰዓት ይጠብቅና «ምንም የለውም እኮ» ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ሁለቱም ተደራርበው ይመጡበታል። ልብ ይመታል፣ ያስመልሳል፣ ፍርሃት ይይዛል፣ አንዳንዱ የሞተ ይመስለዋል።

ዳዊት፦ ጉበት ቲኤችሲን ወደ ሌላ፣ የበለጠ ጠንካራ ውህድ ስለሚቀይረው የተበላው ይከብዳል፣ ለብዙ ሰዓታትም ይቆያል። ስለዚህ በዚያው ቀን አይደገምም። ከአልኮል ጋር አይቀላቀልም፣ መሪም አይያዝም።

ሄለን፦ ነዳጅና ቡታን ተጠቅመው የሚያወጡስ?

ዳዊት፦ እሱን በፍጹም! ቤት ውስጥ የተጠራቀመ የቡታን ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፣ ሰዎች ተቃጥለውበታል።

ሄለን፦ የተሠራው ዘይት ራሱ ውሃና የተክል ቅሪት ከቀረበት፣ አየር በሌለበት የሚያድገው የቦቱሊዝም (ከባድ የምግብ መመረዝ) ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። ይጠለል፣ ፍሪጅ ይግባ፣ ብዙ አይቀመጥ።

ዳዊት፦ ፍሪጁን ካነሳሽ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነስ?

ሄለን፦ ይቆለፍበት፣ በትልቁም ይጻፍበት! ለዓይን የሰላጣ ዘይት ነው የሚመስለው። የቤት ሠራተኛ ወይም እንግዳ ሳያውቅ ምግብ ቢሠራበትስ? ልጅ ከበላው እስኪያልፍለት አይጠበቅም። ከልክ በላይ ይተኛል፣ መነሣት ያቅተዋል፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱትና የበላውን በግልጽ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ካላወቀ በከንቱ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ሰዓት ይሄዳል።

ዳዊት፦ ጠርሙሱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።