ከጭፈራው በፊት ግጥሙ፦ የሃዋይዋ ኤዲት ካናካኦሌ

ማህሌት፦ ዛሬ የምናወራው ሁላ ስለሚባለው የሃዋይ ባህላዊ ጭፈራ መምህር ሕይወት ነው። ስለ ሃዋይዋ ኤዲት ካናካኦሌ። ግን ቆይ፣ መጀመሪያ ሳንቲሙን ላሳይህ።

ሄኖክ፦ ተገኘ እንዴ?

ማህሌት፦ ተገኘ! አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት የላከችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ኳርተር፣ የሃያ አምስት ሳንቲም ነው። በአንድ በኩል ጆርጅ ዋሽንግተን፣ በዚህ በኩል እሳቸው። ፀጉራቸውን እየው እስቲ።

ሄኖክ፦ ፀጉር ነው ተራራ?

ማህሌት፦ ሁለቱም! ፀጉራቸው ወርዶ ወርዶ የሃዋይ መሬት ይሆናል። እህቴ መልስ በተቀበለች ቁጥር ሳንቲም ስታገላብጥ ከረመች። መጀመሪያ የሌላ ሴት ላከችልኝ። ከዚያ ደግሞ የሌላ። በኋላ እማዬም መነጽሯን አድርጋ ፍለጋው ውስጥ ገባች።

ሄኖክ፦ እማማም?

ማህሌት፦ እሷማ ብሳለች!

ሄኖክ፦ በይ ወደ መምህሯ።

ማህሌት፦ እሺ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ሁላን ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው። በ1953 ሂሎ ከተማ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። እዚያ ጉልበት አጥፎ፣ ዝቅ ብሎ፣ በኃይል ነው የሚጨፈረው። ብዙው ዝማሬ የእሳተ ገሞራዋ አምላክ የፔሌ ነው። መምህሯ ቁጭ ብላ ቅል እየመታች ታዜማለች፣ ተማሪው ይጨፍራል። ግን ግጥሙ ይቀድማል! የዘር ሐረግ፣ የነፋስ ስም፣ የዝናብ ስም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ግጥሙን ያላወቀ ሰው በእጁ ምን ሊናገር ነው?

ሄኖክ፦ እኔ ግን ሰውነት ቢቀድም ይሻላል እላለሁ። እስክስታን ማን በግጥም ተማረው?

ማህሌት፦ እስክስታ ሌላ ነው። እዚህ እጅ የሚከተለው ቃሉን ነው።

ሄኖክ፦ ልጅ ግን ይሰለቸዋል።

ማህሌት፦ ለልጅ እሺ ልበልህ። ለመምህር ግን ግጥሙ ነው የሚቀድመው። በ1830 የሃዋይዋ ንግሥት ካአሁማኑ ሁላን በአደባባይ ከለከሉ። ማን አቆየው? ቤቱ ውስጥ በቃሉ የያዘ ሰው! በ1883 ንጉሥ ካላካዋ በዘውድ በዓላቸው ሁላን አደባባይ ሲያወጡት፣ የሚያውቅ ባይኖር ምን ይወጣ ነበር?

ሄኖክ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ልጁን የሚያመጣው ግን ጭፈራው ነው።

ማህሌት፦ ይሁንልህ። ኤዲት ደግሞ ለቤተሰብ ብቻ ብለው አልያዙትም። ኮሌጅ ገብተው አስተማሩ። ዝማሬም ደረሱ። እውቀትን የሚለምነው ዝማሬያቸው ዛሬም ትምህርት ሲጀመር ይዜማል። ይኸው፣ ሳንቲሙ ላይም ከቃሉ ተጽፏል።

ሄኖክ፦ የታለ? አምጪው።

ማህሌት፦ እዚህ ጋ። በ1979 ሲያርፉ ትምህርት ቤቱን ልጆቻቸው ያዙት። ሂሎ ያለው ስታዲየምም በስማቸው ተሰየመ። ትልቁ የሁላ ውድድር በየዓመቱ እዚያ ነው የሚካሄደው።

ሄኖክ፦ ስታዲየም? ለሁላ መምህር?

ማህሌት፦ አዎ! ስለ ውድድሩ ገና አላወራንም እኮ። በሚቀጥለው እሱን እናንሳ።